«ሾርት ነው»፣ «ብሪክ ሆኗል»፣ «ሌየር 8 ነው»፦ የትኛው ስም ምርመራ ነው?

ጥያቄው፦ «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት በረዳትነት ገብቻለሁ። ባለሙያዎቹ ‹ይሄ ሾርት ነው›፣ ‹ያኛው ብሪክ ሆኗል›፣ ‹ሳውዝ ብሪጁ ነው›፣ ‹ክሊክ ኦፍ ዴዝ ገብቶበታል› ይባባላሉ። ደንበኛው ሲወጣ ደግሞ ‹ሌየር 8 ነው› ብለው ይስቃሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚያመጡልን ነጋዴዎች ስካይሌክ፣ ሃዝዌል ይላሉ። ስጠይቅ ‹ትለምደዋለህ› ነው መልሱ። እነዚህ ስሞች ከየት መጡ? የትኞቹንስ በቁም ነገር ልያዝ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ «ትለምደዋለህ» ለዚህ ሙያ በቂ መልስ አይደለም። ከዘረዘርካቸው ስሞች ገሚሶቹ ቦታውና መጠኑ የታወቀ፣ በቴስተር ወይም በሶፍትዌር የሚረጋገጥ ብልሽት ይጠራሉ። ሌሎቹ ግን ያልተመረመረ ዕቃ የተመረመረ ያስመስላሉ። ስለዚህ አንድ ስም በሰማህ ቁጥር «በምን ተለካ?» ብለህ ጠይቅ። ቁጥር ከተነገረህ ያዘው። ቁጥር ከሌለው የሥራ ወረቀት ላይ አትጻፈው፤ ደንበኛው ያን ስም አምኖ የስንት ወር ቁጠባውን ለሌላ ላፕቶፕ ሊያወጣ ይችላል።

በ«ሾርት» ልጀምር፤ ያለ ቦታው አብዝቶ የሚነገረው እሱ ነው። በሰፈር አነጋገር አልበራ ያለ ዕቃ ሁሉ ሾርት ነው። በቦርድ ጥገና ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፦ ኃይል የሚሄድበት አንድ መስመር ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ኔጌቲቭ) ጋር ተነካክቷል ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። አዳፕተሩን ንቀል፣ ባትሪውንም ከቦርዱ አላቅቅ፤ ይህን ሳታደርግ የምታገኘውን ቁጥር ማመን አይቻልም። ቴስተርህን ኦም ላይ አድርግ። ጥቁሩን ጫፍ ብሎን በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት ላይ አስደግፍ። ቀዩን ደግሞ ከቻርጀር መሰኪያው ቀጥለው ካሉት ሞስፌቶች (ኃይል የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ማብሪያዎች) ማዶ፣ ዋናው የ19 ቮልት መስመር ላይ አድርግ። ደህና ቦርድ ብዙውን ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ኦም ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ካፓሲተሮቹ እየሞሉ ስለሆነ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ታየዋለህ። ከዜሮ እስከ ጥቂት ኦም ላይ ቆሞ ከቀረ እውነትም ሾርት ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በየኮይሉ (በኃይል መስመሮቹ ላይ ባሉት የሽቦ ጥቅሎች) እየዞረ ሲለካ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ካሉት ኮይሎች ላይ ጥቂት ኦም፣ አንዳንዴም ከ1 ኦም በታች ያገኝና «ሲፒዩው ሾርት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የፕሮሰሰርና የግራፊክስ ቺፕ መስመር በ1 ቮልት አካባቢ ብዙ አምፔር የሚወስድ ስለሆነ ሬዚስታንሱ በባሕርዩ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። የ3.3 ወይም የ5 ቮልት ኮይል ላይ ጥቂት ኦም ካገኘህ ግን በደንብ ተጠራጠር።

ሾርት ያደረገችውን ዕቃ ለማግኘት ባለሙያዎቹ «ኢንጀክት እናድርገው» ሲሉ ትሰማለህ። ቮልቱና አምፔሩ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ይዘህ በ1 ቮልት ጀምር፤ ከረንቱን 1 አምፔር ላይ ገድብና እያየህ እስከ 3 አሳድግ። ቦርዱን በስሱ ኢሶፕሮፒል አልኮል ቀባው። አልኮሉ ቀድሞ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ያለው ዕቃ ነው የሚሞቀው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቡናማ ሴራሚክ ካፓሲተር ሆና ታገኛታለህ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በ19 ቮልቱ መስመርና በፕሮሰሰሩ ኮይል መካከል ለካ። ሁለቱ ከተነካኩ በመካከላቸው ያለው የላይኛው ሞስፌት ተበስቷል ማለት ነው፤ የምትሰጠው ቮልት ቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ከ1 ቮልት በላይ የሰጠህ እንደሆነ የሚድን የነበረውን ማሽን ራስህ ትገድለዋለህ። አልኮሉ ሳይደርቅም ካውያ አታስጠጋ።

«ብሪክ ሆኗል» ሌላ ጉዳይ ነው። ስሙ የመጣው ዕቃው ጡብ ሆኖ ቀረ፣ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለውም ከሚለው የሙያው ቀልድ ነው። እዚህ ምንም ነገር አልተቃጠለም፤ ማሽኑ ሲነሳ የመጀመሪያውን መመሪያ የሚያነብባት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለው ፈርምዌር (ባዮስ የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም) ነው የተበላሸው። ባዮስ እየታደሰ ሳለ መብራት ጠፍቶ፣ ላፕቶፑ የደከመ ባትሪ ወይም ዴስክቶፑ ዩፒኤስ የሌለው ከሆነ የሚከተለው ይህ ነው። መብራት በሚመላለስባቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች ባዮስ ሲታደስ ባትሪው ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ አይነካም።

ምልክቱ፦ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ እየጠፋ ይነሳል። ራም ሲበላሽም ምልክቱ ያው ነውና ከራሙ ጀምር፦ ንቀለው፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ አጽዳ፣ አንዱን ብቻ በየማስገቢያው እያፈራረቅህ ሞክር። ከዚያ የአምራቹን ማዳኛ መንገድ ተጠቀም። ለምሳሌ በብዙ ኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ትክክለኛው የባዮስ ፋይል ያለበትን ፍላሽ ሰክተህ፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ቢን አንድ ላይ ይዘህ ስታበራው ራሱን ይመልሳል።

ካልተመለሰ ቺፗን በፕሮግራመር ማንበብና መጻፍ ይቀርሃል። ባለ 8 እግር ናት፤ ጀርባዋ ላይ 25 ያለበት ቁጥር አለ። ከ25 ኋላ ካለው ፊደል ቀጥሎ 64 ካለ 8 ሜጋባይት፣ 128 ካለ 16 ሜጋባይት ትይዛለች። እዚህ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ሁሉም ቺፕ 3.3 ቮልት አይደለም፤ በ1.8 ቮልት የሚሠሩ አሉ፣ እነሱ ላይ ያለ አስማሚ 3.3 ከሰጠህ ይሞታሉ። የቺፗን ሙሉ ቁጥር አንብበህ ከዳታሽቷ ላይ ቮልቱን አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ርካሹ ጥቁር ሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ኃይሉን በ3.3 ቢሰጥም የዳታ መስመሮቹ ወደ 5 ቮልት የሚወጡበት ዓይነት አለ። በቴስተር ለክተህ 5 ካየህ ሳይስተካከል አትጠቀምበት።

ከመጻፍህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብብና ሁለቱን ፋይሎች አመሳስል። ልዩነት ካለ ቺፗን የሚይዘው የፕሮግራመሩ ክሊፕ በደንብ አልያዘም፤ አስተካክለህ እንደገና አንብብ። ተመሳሳይ ሲሆኑ የመጀመሪያውን ፋይል በደንበኛው ስም አስቀምጥ፤ የማሽኑ መለያ ቁጥርና አብሮት የተሸጠው የዊንዶውስ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የሌላ ማሽን ፋይል አውርዶ እንዳለ መጫን ብዙ የሚታይ ጥፋት ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል፤ ከዚያ ዊንዶውሱ «አክቲቬት አድርግ» ይላል፤ የኢንቴሉ ማኔጅመንት ኢንጂን (እዚያው ፋይል ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ካልተስተካከለ ደግሞ ማሽኑ በየ30 ደቂቃው ድርግም ይላል። «እንዲህ ነው ጥገናችሁ?» ተብሎ የሚመለሰው ያኔ ነው።

«ክሊክ ኦፍ ዴዝ» ታሪክ ያለው ስም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ሌላ ካላልኩ በእሱ ነው) በ1990ዎቹ መጨረሻ አዮሜጋ የሚባለው ኩባንያ የሸጣቸው ዚፕ ድራይቮች ሲበላሹ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰሙ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ያወጡላቸው ስም በኋላ ለሃርድ ዲስክ ሁሉ ሆነ። የድምፁ ምክንያት አንባቢው ክንድ የሚፈልገውን ምልክት አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ ደግሞ መሞከሩ ነው። ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የምታደርገው ማጥፋት ነው። እያንዳንዱ ደቂቃ የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ቼክ ዲስክ አታስነሳ፣ ፎርማት አታድርግ፣ ሱቅ ውስጥም አትክፈተው፤ በተለይ መንገዱ ገና እየተሠራ አቧራው ከደጅ በማይጠፋበት ሰፈር የተከፈተ ዲስክ አበቃለት።

ሃርድ ዲስኩ ድምፅ ሳያሰማ ቀርፋፋ ብቻ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚባሉትን መስመሮች እይ። 05 የተበላሹና በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ናቸው፤ ሲ5 አልነበብ ብለው ወረፋ የያዙ ናቸው፤ ሲ6 ደግሞ ተሞክረው ሊነበቡ ያልቻሉ ናቸው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነና ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ «ዊንዶ እንጫንበት» የሚለውን ሐሳብ ተው፤ መጀመሪያ መረጃው ይውጣ። እኩል ወይም የሚበልጥ ዲስክ አጠገቡ ሰክተህ በሊኑክስ ዲዲሬስኪው ቅዳው። እሱ ደህናውን ክፍል ቀድሞ ወስዶ፣ የታመመውን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሰው የሚሳሳተው ምንጩንና መድረሻውን በማገላበጥ ነው፤ ትእዛዙን ከመጫንህ በፊት የሁለቱን መጠንና መለያ ቁጥር ጮክ ብለህ አንብብ።

«ሳውዝ ብሪጁ ነው» ስትባል ጠንቀቅ በል። ኖርዝ ብሪጅና ሳውዝ ብሪጅ የተባሉት በቦርዱ ንድፍ ላይ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ስለሚሳል ነው። ላይኛው ፕሮሰሰሩን ከራምና ከግራፊክስ፣ ታችኛው ደግሞ ከዩኤስቢ፣ ከዲስክና ከድምፅ ያገናኝ ነበር። ከኢንቴል ኮር ሁለተኛው ጀነሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ የላይኛው ሥራ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለገባ በዛሬዎቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ኖርዝ ብሪጅ የሚባል ራሱን የቻለ ቺፕ የለም። ኃይል ቆጣቢዎቹ ላይ ደግሞ ታችኛውም ፕሮሰሰሩ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ስሙ በዩ የሚያልቅ፣ ኃይል ቆጣቢ የ8ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ይዘህ «ሳውዝ ብሪጁን እንቀይር» የሚልህ ካለ የትኛውን ቺፕ እንደሆነ በጣቱ ያሳይህ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «ሙቀት እንስጠው» የሚለው ነው። ስሙን ያገነነው የኤክስቦክስ 360 «ሬድ ሪንግ ኦፍ ዴዝ» ነው። በ2007 ማይክሮሶፍት ለዚሁ ሲል ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መያዝ ነበረበት። በፕሌይስቴሽን 3 በኩል ደግሞ «የሎ ላይት ኦፍ ዴዝ» ይባላል፤ ጌም ቤት ያላቸው ደንበኞች እስከ ዛሬ ይዘውት ይመጣሉ። በሆት ኤር ሲሞቅ ይነሳል፣ ሁሉም ሰው ከቺፑ ሥር ያለው ሊድ (ብየዳ) ተጣበቀ ብሎ ያምናል። ነገር ግን የኤክስቦክሱ ስንጥቅ ያለው በቺፑ ገላ ውስጥ፣ ሲሊከኑ ከተሸካሚው ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነበር። ሙቀቱ ለጊዜው ያገናኘዋል፤ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቃል። ሙቀት ለምርመራ ያገለግላል፤ ሞቆ ከተነሳ ጥፋቱ ቺፑ ጋ ነው። እንደ ጥገና ተቆጥሮ ዋስትና ሊሰጥበት ግን አይገባም።

«ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ስም በኛ ሰፈር በደንብ የታወቀ ነው፤ ከፊልም መጫኛ ቤት እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የማያውቀው የለም። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ይታያሉ፤ ደንበኛው «ፋይሌ ጠፋ» ይላል። አልጠፋም፤ ተደብቋል። ሾርትከቱ ሲጫን መጀመሪያ የቫይረሱ ስክሪፕት ይነሳል፣ ከዚያ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል፤ ሰውዬው ሳይጠረጥር ወደ ኮምፒውተሩም ይገባል። ስለዚህ ፍላሹን ብቻ ማጽዳት አይበቃም። በኮምፒውተሩ ታስክ ማናጀር ደብሊውስክሪፕት የሚባለው እየሠራ ከሆነ አቁመው፤ ከስታርትአፕ ዝርዝርም የሚያስነሳውን አጥፋ። ቀጥሎ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፤ «የሲስተም ፋይሎችን ሰውር» የሚለውንም ምልክት አንሳ፤ ይህን ሁለተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ፤ ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን እንዳትገለብጥ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገህ መልስ። አትሪብ የሚባለው ትእዛዝም የመደበቂያና የሲስተም ምልክቶቹን በአንዴ ያነሳልሃል።

እግረ መንገዴን፣ በጣም ርካሽ ባለ 1 ቴራባይት ፍላሽ ያመጣ ደንበኛ ካለ መጀመሪያ ኤች2ቴስት በሚባለው ፕሮግራም ሞክርለት። ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ትክክለኛ አቅሙ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ሆኖ ቺፑ እንዲዋሽ የተደረገ ፍላሽ በዚህ ይጋለጣል።

የተገኘ ፋይል ስሙ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች በሄክስ ማሳያ እያቸው። ኢንዱስትሪው የሰዎቹን ስም እዚያ ቀብሮታል። በዊንዶውስ የሚነሳ የኢኤክስኢ (exe) ፕሮግራም በኤም እና ዜድ ይጀምራል፤ የማይክሮሶፍቱ ማርክ ዝቢኮውስኪ የስሙ መነሻ ፊደሎች ናቸው። ዚፕ ፋይል በፒ እና ኬ ይጀምራል፤ ዚፕን የፈጠረው ፊል ካትዝ ነው። የዎርድና የኤክሴል አዳዲስ ፋይሎች በውስጣቸው ዚፕ ስለሆኑ እነሱም ፒ እና ኬ አላቸው። ከዲስክ ላይ መልሰህ ያወጣኸው ስም የለሽ ፋይል ፒኬ ካለ የደንበኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ዶክ ኤክስ ብለህ ሞክረው። «ፎቶ» ተብሎ የተላከ ነገር ኤም ዜድ ካለ ግን ፎቶ አይደለም፤ አትክፈተው።

«ሃይዘንበግ» ለሚባለው እኛ ስም የለንም፤ ጣጣው ግን በየቀኑ አለ፦ ቤቱ አይሠራም፣ ሱቅ ሲመጣ ይሠራል። ስሙ የተወሰደው ሲመለከቱት ጠባዩ ይለወጣል ከሚለው ከፊዚክሱ የሃይዘንበርግ ሐሳብ ነው። ምሥጢሩ አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው ይዞት ያልመጣው ነገር ላይ ነው፤ አዳፕተሩን፣ ዲቫይደሩንና ኬብሉን ሁሉ አስመጣ። ዴስክቶፕ ከሆነ የባዮስ ባትሪውን ለካ፤ ሲአር2032 ሲሆን 3 ቮልት መሆን አለበት። ሲደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብራውዘሩም ድረ ገጾችን «አይታመኑም» ብሎ አልከፍትም ይላል። የዲስክ አሠራሩ ሴቲንግም አብሮ ከተለወጠ ዊንዶውስ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ብሉ ስክሪን ያወጣል። ሰው ዊንዶ ለማስጫን ይከፍላል፤ ያስፈልገው የነበረው አንዲት ባትሪና ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ የሚለውን የዲስክ አሠራር መልሶ መምረጥ ብቻ ነበር። ብሉ ስክሪን ኦፍ ዴዝ የሚባለው ሰማያዊ ገጽ ከ2025 ወዲህ በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የስህተቱ ስም ግን ከታች ያው ይጻፋል፣ የምታነበውም እሱን ነው።

«ማጂክ ስሞክ» የሚሉት ደግሞ ቺፕ የሚሠራው ውስጡ ባለው ጭስ ነው፣ ጭሱ ከወጣ አበቃ ከሚል የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች ቀልድ ነው። ጭሱ ሊወጣ የሚችልበትን አንድ ቦታ ማወቅ አለብህ። ከአሜሪካ የመጡ ወይም ርካሽ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባቸው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ስዊች አላቸው። 115 ላይ እንዳለ የኛን 220 ሲሰካበት ውስጥ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ 200 ቮልት የሚችሉ ሆነው ሳለ እያንዳንዳቸው ወደ 310 ያገኛሉ። ይፈነዳሉ። ዴስክቶፕ ስትቀበል ከመሰካትህ በፊት እጅህ መጀመሪያ ወደዚያ ስዊች ይሂድ። ተጠግኖ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራም በመስመሩ ላይ በተከታታይ 60 ወይም 100 ዋት የቆየ ዓይነት አምፖል ይግባ። አምፖሉ በርቶ ወዲያው ከፈዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ገና ሾርት አለ።

ስለ መነሻቸው የጠየቅኸውን የቆዩትን ባጭሩ ልንገርህ። «ባግ» በ1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 በሚባለው ማሽን ሪሌ ውስጥ ከተገኘችው የእሳት እራት የመጣ ነው ይባላል። እራቷ እውነት ነበረች፤ መዝገቡ ላይ ተለጥፋለች። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት ነበር፤ ኤዲሰን በ1878 በደብዳቤው ተጠቅሞበታል። «ፓች» የቀዳዳ ወረቀት ዘመን ቃል ነው፤ የተሳሳተው ቦታ በቁራጭ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። «ፒንግ» ሌላው ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር፣ በ1983 ማይክ ሙስ የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ስሙ ከባሕር ሰርጓጅ ማዳመጫ ድምፅ ተወሰደ። «ኔትወርክ የለም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (የጉግል አድራሻ ነው)፣ ከዚያ የአንድ ድረ ገጽ ስም ፒንግ አድርግ፤ የትኛው ላይ እንደቆመ ጥፋቱ ዋይፋዩ፣ መስመሩ ወይም ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) መሆኑን ይነግርሃል። የኩባንያዎቹ ቅጽል ስሞች ለጥገና አይጠቅሙህም፦ አይቢኤም «ቢግ ብሉ» ነው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ እሱ ስኖው ዋይት፣ ሰባቱ ተፎካካሪዎቹ ድንኮቹ ይባሉ ነበር። ዊንቴል ማለት ዊንዶውስና ኢንቴል ነው።

የነጋዴዎቹ ስሞች ግን ገንዘብ ናቸው። ሳንዲ ብሪጅ 2ኛ፣ አይቪ ብሪጅ 3ኛ፣ ሃዝዌል 4ኛ፣ ብሮድዌል 5ኛ፣ ስካይሌክ 6ኛ፣ ኬቢ ሌክ 7ኛ ጀነሬሽን ነው። «ኮር አይ 5 ነው» ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሰው ምንም አልነገረህም፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ። 3320 ከሆነ 3ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው። 7ኛ ጀነሬሽን አይ 7 7500ዩ ባለ 2 ኮር ነው፤ 8ኛው አይ 5 8250ዩ ባለ 4 ነው። ስሙ ያነሰው ማሽን ሥራው ይበልጣል፤ ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይጠራል። ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2018 (በፈረንጆች ኦክቶበር 2025) ላይ አብቅቷል። ዴስክቶፕ ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ የ6ኛና 7ኛ፣ የ8ኛና 9ኛ ጀነሬሽን ሶኬት ሁለቱም 1151 ይባላል፣ ፕሮሰሰሩም ይገጥማል፤ ነገር ግን የአንዱ ቦርድ የሌላውን ፕሮሰሰር አያስነሳም። የቦርዱን ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌላው ክፍል የሚያገናኘው ቺፕ) ቁጥር ሳታይ ፕሮሰሰር አትግዛ።

የላፕቶፕ ቦርድ ንድፍ ስትፈልግም በላፕቶፑ ስም አትፈልግ። ቦርዱ ላይ የታተመ የፋብሪካ መጠሪያ አለ፤ የኮምፓል ቦርዶች ኤልኤ ብለው፣ የኳንታዎቹ ዲኤ0 ብለው ይጀምራሉ። አንድ የላፕቶፕ ሞዴል ሁለት ሦስት የተለያየ ቦርድ ይዞ ስለሚወጣ ትክክለኛው መለያ እሱ ብቻ ነው።

የቀረው «ሌየር 8» ነው። የኔትወርክ አሠራር በ7 ደረጃ ስለሚከፈል ስምንተኛው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው ማለታቸው ነው። በሌላው አገር «ችግሩ ያለው በኪቦርዱና በወንበሩ መካከል ነው» የሚልም ምሕጻረ ቃል አለ። ይህን ስም ተው፤ ጨዋነት ብቻ አይደለም ጉዳዩ፣ ምርመራ ያስቀራል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። አንዲት እናት ዴል ላፕቶፕ ይዘው መጥተው «ተሰክቶም አይሞላም፣ በዚያ ላይ እየተንቀራፈፈ ነው» ይላሉ። ሱቅ ባለው ቻርጀር ስትሞክረው ይሞላል፣ ይፈጥናል፤ «ሌየር 8» ተብለው ይሸኛሉ። የዴል ቻርጀር ጫፍ መሃል ላይ ቀጭን ፒን አለች፤ ላፕቶፑ የአዳፕተሩን ዓይነት የሚያውቀው በእሷ ነው። ፒኗ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ቅጂ ሆኖ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠ፣ ቮልቱ ሙሉ ቢሆንም ማሽኑ ባትሪውን አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። እናት የተናገሩት ሁለቱም ነገር ልክ ነበር። የሥራ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

ደንበኛዋ ያሉት፦ «ተሰክቶም አይሞላም፣ ተንቀራፈፈ»። የተለካው፦ የደንበኛዋ አዳፕተር 19.5 ቮልት ይሰጣል፤ ባዮሱ ግን የአዳፕተሩን ዓይነት «አይታወቅም» ይላል፤ በሱቁ 65 ዋት አዳፕተር ይታወቃል፣ ባትሪውም ይሞላል። የተገኘው፦ የአዳፕተሩ የመሃል ፒን ታጥፏል። የተሠራው፦ ጫፉ ተቀየረ፤ በደንበኛዋ አዳፕተር 30 ደቂቃ ሲሞላ ታየ። የቀረው፦ የላፕቶፑ መሰኪያ ትንሽ ላልቷል፤ ደንበኛዋ ተነግሯቸው ለጊዜው ይቆይ ብለዋል።